የማን ትዝታ ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ ውድ አንባቢያን። ባለቤትዎ ማታ ማታ፣ ልጅ ካስተኛች በኋላ፣ ስልኳን መደርደሪያው ላይ አስደግፋ ትዝታ ትከፍታለች እንበል። እሱስ ይሁን፤ ትዝታ የማይከፍት ማን አለ! ነገር ግን የምትከፍተው ትዝታ ግጥም የለውም። ዘፋኝ የለበትም። ኦርጋን ብቻውን እያለቀሰ ይጀምራል፣ እያለቀሰ ያልቃል። ሲያልቅ ደግማ ትከፍተዋለች። ምን ይላሉ? «ሙዚቃ ትወዳለች» ብለው ጋቢዎን ተከናንበው ይተኛሉ? ወይስ…?

«ወይስ» ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ያጣ አንድ ባል ጉንደ ወይን ላይ አውቃለሁ። ሚስቱ አብሮ አደጌ ናት። ስሟን አልጠራም፣ የምትሠራውንም አልናገርም፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ግማሽ ቃል ከተናገርኩ ሁሉም ያውቃታል። ባሏ ግን ሹፌር ነው ብል ችግር የለውም። በሞጣና በቢቸና መንገድ ላይ ሹፌር እንደ ጤፍ ነው፣ ማን ለይቶ ያውቀዋል? አይሱዙ ይነዳል። እህል ጭኖ በቢቸና ያልፍና ዓባይን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ ያራግፋል። አንዳንዴ በአራት ቀን፣ መንገድ ሲበላሽ ደግሞ በአሥር ቀን ይመለሳል። ደህና ሰው ነው። አይጠጣም ባይባልም አይሰክርም፣ ያገኘውን ቤቱ ያስገባል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር፤ ለክፉ ባል የሚጻፈው ሌላ ነው።

ዘፈኑ የመጣው በሚሞሪ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን ኔት ጠፍቶ ወራት ሲቆጠሩ፣ ሰው ሁሉ ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ሙዚቃ የሚጭን ልጅ ፍለጋ ይዞር እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እሷም አስጫነች። ልጁ የጫነላት መቶ ምናምን ዘፈን ነው፤ ከዚያ ሁሉ መሐል እሷ የወደደችው ያን ግጥም የሌለውን ትዝታ ሆነ። ልጁ የፋይሉን ስም እንኳ አላስተካከለውም፤ «ትራክ 04» ነው የሚለው። ስም የለው፣ ግጥም የለው!

ባልየው መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ቀለደ። ከዚያ ወዲያ ግን መጠየቅ ጀመረ፤ «የማን ትዝታ ነው?» ይላታል። «የማንም አይደለም፣ ኦርጋን ነው» ትለዋለች። እሱ ደግሞ በዚህ አልረካም። በኋላ ሽማግሌ ፊት የተናገረውን ቃል በቃል ልጻፍላችሁ፤ «ግጥም ያለውን ዘፈን የሚሰማ ሰው፣ ዘፋኙ ያለውን ነው የሚሰማው። ግጥም የሌለውን ደጋግሞ የሚሰማ ግን ግጥሙን በሆዱ ይዞታል። እኔ የጠየቅኳት ያን ግጥም ነው።» መቼም የጎጃም ሰው ሲከፋው እንኳ ቅኔ ይቀናዋል!

ነገሩ ያለ ምክንያት አልተነሣም። ከእሱ በፊት የጠየቃት ልጅ ነበር። ወላጆች አልተስማሙም፣ ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ እዚያው ቀረ። ይህን ባልየው ያውቃል፤ ሲያገባትም ያውቅ ነበር። ጠዋት ተነሥቶ ወደዚያው ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው፣ ማታ ቤቱ ውስጥ ያን ኦርጋን ሲሰማ በልቡ የሚመጣበትን አስቡት። አንድ ማታ ስልኩን ነጥቆ፣ ሚሞሪዋን አውጥቶ፣ በጥርሱ ሰበራት። እሷም አንድ ቃል ሳትናገር ልጇን አዝላ እናቷ ቤት ሄደች።

በአንድ ሚሞሪ ካርድ ትዳር ሊፈርስ! ብዙዎቻችሁ «ዘፈኑ ሰበብ ነው፣ ሌላ ነገር ቢኖር ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሰፈሩም እንደዚያው ብሏል። እኔ ግን ሁለቱንም አውቃለሁ፣ ሌላ ነገር አልነበረም። ነገሩ ዘፈኑ ራሱ ነው። ስለዚህ ስለ ዘፈኑ ካላወራን ስለ ትዳሩ ማውራት አይቻልም።

ለዕርቁ ሦስት ሽማግሌዎች እናቷ ቤት ተቀመጡ። እኔ ቡና አፍይ ተብዬ ነው የገባሁት፤ ቡና የሚያፈላ ሰው ደግሞ ሁሉን ይሰማል፣ ምንም አይናገርም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በወጣትነታቸው ሞጣ ጠጅ ቤት ያመሹ የነበሩ ናቸው፤ እሳቸው እንኳ አይክዱትም። ባልየውን ጠየቁት።

«ልጄ፣ አዝማሪ ፊት ቆመህ ተቀበል ብለህ አታውቅም?»

«ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«ምን ብለህ ግጥም ሰጠኸው?»

ዝም አለ። ፊቱ ቀላ።

«በል ተወው፣ አልጠይቅህም። አየህ፣ ማሲንቆው አንድ ነው። አዝማሪውም አንድ ነው። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ሃያ ሰው ካለ ሃያ ትዝታ አለ። ያን ለታ የማን ነው ብሎ የጠየቀህ አለ?»

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ጀበናውን ላነሣ ስል፣ ሁለተኛው ሽማግሌ ገቡበት። «የለም፣ የለም!» አሉ። «ያ ግጥም አለው፤ ሰው ወዶም ሆነ ተቃጥሎ የሆዱን ያወጣል። ይሄ የአሁኑ ግን ግጥም የለውም። ግጥም የሌለው ዘፈን ጨው የሌለው ወጥ ነው። ልጄ ቢጠረጥር አልፈርድበትም።»

ሽማግሌው ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የኛ አገር እኮ የቅኔ አገር ነው። ከቢቸና ትንሽ አለፍ ብሎ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ስንት ባለ ቅኔ ያፈራ፣ ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲጽፉ ያነሡት ቦታ ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ ያደገበት ሰው፣ ሰም የሌለው ወርቅ ሲያቀርቡለት ቢደነግጥ ምን ይገርማል! ግን እኔ በዚህ አልስማማም። ያን ለታ አፌን ይዤ ስኒ ሳጥብ የዋልኩትን እዚህ ልናገር፤ ጋዜጣ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

አንደኛ ነገር፣ ትዝታ ከጥንትም ቢሆን ቋሚ ግጥም ኖሮት አያውቅም። ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ አይደለም፣ የቅኝት ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር አራቱ ትላልቅ ቅኝቶቻችን ከሚባሉት አንዱ ነው፤ አምስት ድምፅ አለው፣ በአምስቱ ላይ ነው ሁሉ የሚመላለሰው። ዜማውን ሁሉ ያውቀዋል፣ ግጥሙን ግን እያንዳንዱ ዘፋኝ ከራሱ ያመጣል። ካሣ ተሰማ በክራር፣ ማሕሙድ አሕመድ ከባንድ ጋር፣ በዛወርቅ አስፋው፣ አስቴር አወቀ፣ ሁሉም ትዝታ ብለዋል። ጌታቸው ካሣ ደግሞ ዝግ ያለውንም ፈጣኑንም ሠርቶታል፤ ሰው እስከ ዛሬ «የጌታቸው ትዝታ» ይላል። ግጥሙ ተለዋዋጭ ነው፤ ትዝታን ትዝታ የሚያደርገው ዜማው ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ በዚሁ ቅኝት የተሠራ፣ ስሙ ግን ትዝታ ያልሆነ ዘፈን ስንት አለ! ባልየው በሁሉም ከቀና ሬዲዮውንም በጥርሱ ሊሰብር ነው።

ሁለተኛ ነገር፣ ቃልን ትቶ በመሣሪያ ማልቀስ የዛሬ ልጆች ያመጡት አይደለም። ጌታቸው መኩሪያን አንርሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፉትን ማለቴ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሽለላን በሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ናቸው። ሽለላን! ያለ ቃል ይሆናል ብሎ የጎጃም ሰው ማመን የሚቸግረውን ነገር! ግን ስሙት፤ ቃሉ የለም፣ ወንዱ ግን እዚያው ቆሟል። ሙላቱ አስታጥቄም እንግሊዝና አሜሪካ ተምረው አምስቱን የኛ ድምፆች ከጃዝ ጋር አዋሕደው ኢትዮ ጃዝ አሉት፤ ትዝታንም ያለ ቃል ተጫወቱት። በ1966 ዓ.ም. ታላቁ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፣ ሙላቱም አብረውት ሠርተዋል። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሙዚቃቸው ሲገባ፣ አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ ፈረንጅ ሁሉ የኛን ቅኝት ማዳመጥ ጀመረ። ቃል ቢኖረው ኖሮ በዚያ ፍጥነት ይገባው ነበር? እንጃ!

በፈረንጅም አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያን ውስጥ ዲኖ ኦሊቪየሪ የሚባል ሰው የደረሰው ዜማ ነበር። የጣሊያንኛው ርዕስ «ትመለሳለህ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሪና ኬቲ የምትባል ዘፋኝ በፈረንሳይኛ ዘፈነችው፤ ርዕሱ ተለወጠና «ዣታንድሬ» ሆነ፣ «እጠብቃለሁ» ማለት ነው። ብዙ ሳይቆይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፣ ባሏን ወደ ጦርነት የሸኘች ሴት ሁሉ የራሷ ዘፈን አደረገችው። በዚያው ጊዜ ጃንጎ ራይንሃርት የሚባል ጊታር መቺ ነበረ። ወገኖቹ ጂፕሲ የሚባሉት፣ ጋሪ ላይ በተሠራ ቤት ከቦታ ቦታ የሚዞሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1928 ያ የጋሪ ቤት ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከሥራ ውጪ ሆኑ። በቀሩት ሁለት ጣቶች ነው እንግዲህ ዓለምን ያስደነቀው! እሱና ቫዮሊን ተጫዋቹ ስቴፋን ግራፔሊ ያን ዘፈን ወሰዱት፣ ቃሉን አወጡለት። «ትመለሳለህ» የሚለውም ወጣ፣ «እጠብቃለሁ» የሚለውም ወጣ። ዜማው ብቻ ቀረ። ዛሬ የጂፕሲ ጃዝ የሚጫወት ሰው ሁሉ ያን ዜማ ሳያውቅ አያመሽም፤ መጀመሪያ የታወቀውን ዜማ ይጫወታሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተራ በተራ የራሱን ይጨምርበታል። በኛ ቋንቋ «ተቀበል!» ማለት እኮ ነው።

ሌላም የሚያመሳስለን ነገር አለ፣ እሱ ግን ደስ አይልም። ጂፕሲዎቹ ሙዚቃቸው ሲወደድ እነሱ ሲናቁ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። የኛስ አዝማሪ? ሠርግ ላይ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ልጃችንን ቢጠይቅ ግን እንሰጠዋለን? ይህን ጥያቄ ለሦስቱም ሽማግሌዎች ባቀርብ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የቡናው ሦስተኛ እየደረሰ ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዕርቁ ያን ለታ በግማሽ አለቀ። እሷ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ እሱ አዲስ ሚሞሪ ሊገዛ ቃል ገባ። ግጥሙን ግን አልተናገረችም። «ሆዴ ውስጥ ያለው የእኔ ነው» አለች፣ ሽማግሌ ፊት! አንዱ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ያ ልጅ ይሁን፣ በልጅነቷ የሞቱት አባቷ ይሁኑ፣ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰን ውጤት የጠበቅንበት ክረምት ይሁን አላውቅም። ምናልባት እሷም አታውቀው ይሆናል። ትዝታ ስትሰሙ የምታስቡትን ሁሉ በስም ታውቁታላችሁ? እኔ አላውቀውም፤ አንዳንዴ ሄጄበት የማላውቀው አገር ይናፍቀኛል።

እዚህ ላይ ሚስቶችም ተቆጡኝ። «ባል ካልጠየቀ ግድ የለውም ማለት ነው» የምትሉ አላችሁ። ይጠይቅ! «ዛሬ ምን ሆንሽ?» ይበል። «የማን ነው?» ግን ጥያቄ አይደለም፣ ምርመራ ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ባልየው አዲሱን ሚሞሪ ገዝቶ ወደ እኔ ነው ይዞት የመጣው፤ ያ ዘፈን እኔም ስልክ ላይ እንዳለ እሷ ነግራው ኖሯል። ሲቀበለኝ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ የምልሽ… ለመሆኑ ይህን የሚጫወተው ሰውዬ ማነው?» አለኝ። አያችሁ? በዚያ ሁሉ ወር «የማን ትዝታ ነው?» ሲል የሰውየውን ስም አንድ ቀን አልጠየቀም ነበር።

ኃይሉ መርጊያ ነው አልኩት። ዋልያስ ባንድ ከሚባለው ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በካሴት ያወጡት ነው፣ የካሴቱም ስም «ትዝታ» ነው። ዋልያሶች ሂልተን ሆቴል የሚጫወቱ ነበሩ። ደርግ ሰዓት እላፊ አውጆ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ በሚሮጥበት ዘመን፣ ሆቴል ውስጥ የተገኘ ግን እስኪነጋ እዚያው ያመሽ ነበር፣ እነሱም ይጫወቱለታል። በዚያ ጊዜ ግጥም በሳንሱር ያልፋል፤ ኦርጋንን ግን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። (ይህን ስል ባልየው ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።) በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ለሙዚቃ አሜሪካ ሄደ፣ ኃይሉም እዚያው ቀሩ።

«አሃ፣ እዚያ ሀብታም ሆነ በያ» አለኝ።

«ታክሲ ነዱ» አልኩት።

«ማን? ይሄ ሰውዬ?»

«ለብዙ ዓመት። ዋሽንግተን አካባቢ፣ ኤርፖርት እየጠበቁ። ኦርጋናቸውን ከታክሲው ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይይዙታል። ተራቸው እስኪደርስ አውጥተው ይለማመዳሉ፣ ተሳፋሪ ሲመጣ መልሰው ይከቱታል።»

አንባቢ ሆይ፣ የዚያን ሰው ፊት ብታዩት! ቀሪውንም ነገርኩት፤ ሰውየው ተረስተው ሳለ፣ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ሌላ ካሴታቸውን እዚሁ ባሕር ዳር ላይ ማግኘቱን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳትሞ ማውጣቱን፣ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ላይ መጫወት መጀመራቸውን፣ ይህ «ትዝታ» የተባለውም እ.ኤ.አ. በ2021 ዳግም መታተሙን። እሱ ግን ከባሕር ዳሩም ከአውሮፓውም ምንም አልሰማም። እዚያው ታክሲው ላይ ቀርቷል።

«ተራ ሲጠብቅ ነው የሚለማመደው አልሽኝ?» አለ።

«አዎ፣ ተራ ሲጠብቁ።»

«ማታ ማታም?»

«ማታም ይሆናል እንግዲህ። ኤርፖርት ማታ የለው፣ ቀን የለው።»

ሚሞሪዋን ተቀብሎኝ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ጓደኛዬ እየሳቀች መጣች። ናፍጣ ወረፋ ይዞ ሁለት ቀን ደጀን ላይ ቆሞ ነበር አሉ፤ ከዚያ ሆኖ ይደውልላትና ስልኩን ወደ መኪናው ቴፕ ያስጠጋዋል፣ ምንም አይናገርም። እሷም ምንም አትናገርም። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ!

«እና ምን አልሽው ሲመጣ?» አልኳት።

«ምን እለዋለሁ፣ የናፍጣው ብር እያነሰ አንተ ካርድ ትጨርሳለህ አልኩት።»

ትናንት ደግሞ በራሱ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ለመኪናው ፍላሽ ሊያስጭን ነው። የኃይሉ መርጊያን ካሴት ሙሉውን ይፈልጋል። «ከማሕሙድም ጨምሪበት» አለኝ፤ «ዓባይ ቁልቁለት ላይ ኦርጋን ብቻ ያስተኛል።»